ሰጋቱራውን አጥነው ያለው ማነው?

ኅዳር 11፣ ከራት በፊት
ሁለት በር፣ አንድ የአልጋ ራስጌ ጨረስን። መጋዙ ዛሬም ሲያጉረመርም ዋለ። ሰጋቱራው አጥሩ ጥግ እስከ ወገቤ ተቆልሏል፤ አይደርቅም። የጎረቤቴ የኦቦ ገ. ባሕር ዛፍ ፀሐይ ከልክሎናል። ከርክሙልኝ ስል ሦስተኛ ዓመቴ፤ የሰውየው መልስ ሳቅ ነው። እግዜር በጥበቡ ያንሳልኝ ያን ዛፍ! ይቅር በለኝ ደብተሬ፤ አንቱ የምላቸውን ሰው "ሰውየው" አልኩ።
ለሠራተኛዬ ለድሪባ፣ ነገ ኅዳር ሲታጠን ሰጋቱራውንም አብረህ አጥነው አልኩት። እሺ ጋሼ አለ። ድሪባ ቶሎ እሺ ሲል ደስ አይለኝም።

ኅዳር 12፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
እጄ ጥላሸት ነው፤ ገጽህን አቆሸሽኩት፣ ታገሠኝ።
ከሚካኤል ስመለስ ቡራዩ እንደ ልማዷ በየደጁ ቆሻሻ እያጨሰች በሽታ ታባርራለች። የኛ ጭስ ግን አጥር ተሻግሯል። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሪባ ሰጋቱራውን ለኮሰ። አልነድ ሲለው ላምባ ጨመረ። ኋላ ላዩን ውሃ ረጨበት፣ ጠፋ አለ፣ ጠላ ቤት ሄደ። የሰጋቱራ ላዩ ቢረጥብ ሆዱ እንደሚነድ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሰጋቱራ ውስጥ የኖረ ሰው እንዴት ይጠፋዋል? ከገፈርሳ በኩል ንፋስ ተነሣ። ደረቁ ሣር፣ ከዚያ ባሕር ዛፉ።
መንደሩ እርጥብ ቅጠል እየቆረጠ ሁለት ሰዓት ደበደበው። ሰው አልተጎዳም፤ ሚካኤል ይመስገን። የኦቦ ገመቹ ዛፍ ግን ከዳር እስከ ዳር። ለልጃቸው ቤት ብለው ያቆዩት እንጨት ነው። ቆመው ያያሉ፤ አይስቁም።
ግቢዬ ፀሐይ ገባ። ሙሉ ፀሐይ። ማየት ከበደኝ።

ኅዳር 13፣ ጧት 2 ሰዓት
እሳት ያጠፉት ሰዎች ደጄ ላይ ናቸው። አንዱ ሱሪው ተቃጥሏል፤ እውነት ነው። አንዷ ነጠላዋ፤ እሱም እውነት። አንዱ ጫማ አሳየኝ። ያ ጫማ ከፋሲካ ጀምሮ አፉን ከፍቶ ሲሄድ አውቀዋለሁ። ሁሉም በአንድ ቃል፦ ጾም ሳይገባ በግ ይታረድልን።
ተከራዬ ናሆም ሕግ ተምሯል። ሠራተኛ ሥራው ላይ ሳለ ላጠፋው አሠሪው ይጠየቃል አለኝ። "በገዛ ፈቃዱ፣ ለልማዱ ብሎ ለኩሶ ከሆነ ግን እርስዎ ነፃ ነዎት። ጋሽ ታደሰ፣ አጥነው ብለውታል እንዴ?"
ሳል ያዘኝ። ረጅም ሳል።

ማታ 12 ሰዓት
ድሪባን ጠየቅኩት። "እኔ እንጃ ጋሼ። ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር አጥናለሁ፤ ማን ይነግረኛል?" ረስቶታል! ላምባውን እኔ አላልኩም፤ እሱ የሱ ጥፋት ነው። አጥነው ግን ብያለሁ። ይህን የምናውቀው እግዜር፣ እኔ፣ አንተ። እግዜር ቶሎ አይናገርም። አንተን ነው የፈራሁት።

ኅዳር 14
በጉ ታረደ። ባለጫማው ሁለቴ ወጥ አስጨመረ።
ነገ ሽማግሌዎች ኦቦ ገመቹ ግቢ ይቀመጣሉ። ድሪባ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወይፈኔን ልስጣቸው አለኝ። ያለው አንድ ወይፈን፤ የሚያርስበት። አይዞህ አልኩት። ማን ነው አይዞህ ባዩ!
አጥነው ያልኩበትን ገጽህን ልቅደድ ያዝኩ። በክር የተሰፋህ ነህ፤ አንዱ ቅጠል ሲሳብ ከወዲያ በኩል ጥንዱ አብሮ ይወጣል። ጥንዱን አየሁት። የባለቤቴ የብርቄ ተዝካር የተጻፈበት ነው። ብትኖር፣ አንተ ሰው፣ ደብተርም ይፈራል ወይ ትለኝ ነበር። ተውኩህ።

ኅዳር 15፣ ጧት
ጾም ገባ። በጋቢዬ ሸፍኜ ይዤህ እሄዳለሁ።

ኅዳር 15፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
አካም ቡልተኒ ተባባልን፣ ተቀመጥን። ድሪባ ወይፈኑን አስሮ ይዞ መጥቷል። ሊናገር ሲነሣ ቀደምኩት፤ አወጣሁህ። "ለሠራተኛዬ ለድሪባ" ከሚለው ጀመርኩ።
አንዱ ሽማግሌ አዩኝ። "ከላይ ጀምር እንጂ።"
ከላይ ጀመርኩ። ስለ ጥላው። ስለ "ሰውየው"። እግዜር ያንሳልኝ የሚለው ላይ ድምፄ እንደ መጋዛችን ሆነ። ስጨርስ ወይፈኑ ብቻ ያመሰኳል።
ኦቦ ገመቹ ደብተሩን ተቀበሉ፣ አገላበጡ። "ገ. ማለት እኔ ነኝ? ስሜን ለመጻፍ እንኳ ቀለም ሰሰትክ?" ቀጠሉ፦ "ያ ዋቃዮ! አንተ ታደሰ፣ ጸሎትህ እንዲህ በማግስቱ የሚደርስ ከሆነ ዝናብ ሲጠፋ የት ነበርክ?"
ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ። ያን ሳቅ እንደናፈቅኩት አላወቅኩም ነበር።
ፍርዱ፦ አዝዤዋለሁና ተጠያቂው እኔ። የልጃቸውን ቤት እንጨት፣ በርና መስኮቱን ጭምር፣ እኔ እችላለሁ። ወይፈኑ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ድሪባ ስለ ላምባው፣ ጉቶው እስኪያቆጠቁጥ ከብት እንዳይገባ አጥር ያጥራል። ድሪባ እሺ አለ። ቶሎ።
ስንለያይ ኦቦ ገመቹ ጆሮዬን ያዝ አደረጉ፤ እሑድ እሑድ እየመጡ ስለ እሳቸው የተጻፈውን እንደሚሰሙ ነገሩኝ።
ወሰንኩ። ከዛሬ ወዲያ ስማቸውን ሙሉውን እጽፋለሁ። ፊታቸው የማልናገረውንም አልጽፍብህም። ብቻ ዛሬ ሲስቁ ልብ አልኩ፣ የፊት ጥርሳቸው — ተውኩት፤ እሑድ ይመጣሉ።