በሃይላንድ የቀዳሁት በረኪና

አዘዞ፣ ጎንደር
የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለህሩይ ሐብተ ማርያም
ባሕር ዳር

እንዴት ሰነበትህ የኔ ጌታ? የሐይቁ ዳር ሙቀት ተስማማህ ወይ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? ይህን የምጠይቅህ እናት ስለሆንሁ ነው እንጂ ብዕር ያነሣሁትስ ለሌላ ነው። ተቆጥቻለሁ። ይበርድልኝ እንደሆነ ብዬ አራት ቀን ጠበቅሁ፤ አልበረደም።

ሰኞ ጠዋት ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች መጡ። አብረውኝ የሚሠሩት ሸዋረጋና ኤሌኒ ፈሳሽ ሳሙናውን ያማስላሉ፣ እኔ በረኪናውን ከበርሜል ወደ ሃይላንድ እቀዳለሁ። ከመጡት አንዷ ልጅ እግር ናት፤ ትሑት ናት፣ አልዋሽም።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቤቱን ልናሽገው ነው» አለችኝ።

«በምን ጥፋት?»

«ምርትዎን የሚሸጡት ሰው ውኃ ጠጥቶ በጣለው ጠርሙስ ነው። ስም የለው፣ ጥንካሬው አልተጻፈበት፣ ማስጠንቀቂያ የለው። ክዳኑንም ሕፃን ይከፍተዋል።»

«ማን አዘዘ?»

ወረቀቱን ሰጠችኝ። መነጽሬን አጥልቄ ግርጌውን አየሁት። ያን ፊርማ ስምንተኛ ክፍል ሳለህ በደብተርህ ጀርባ ስትለማመደው አውቀዋለሁ። ሸዋረጋ «የማን ትእዛዝ ነው?» ብትለኝ «የማላውቀው ሰው ነው» አልኋት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ምነው ልጄ? አባትህ ሲያርፍ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርህ። በረኪና መቅዳት የጀመርሁት ያን ዓመት ነው። የእጄን መላላጥ ታውቀዋለህ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ኬሚስትሪ የተማርኸው በዚህ በተላላጠ እጅ ነው። ያንኑ ትምህርት ይዘህ መጥተህ የኔን በር አሸግህ።

ፈቃድ ላወጣ ስሄድ ያሳዩኝን መከራ አልረሳውም። ፎቶ አምጪ፣ ካርታ አምጪ፣ ማኅተሙ አልታይ ብሏልና ተመለሺ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሲያድሱልኝ ግን «ይህን ነገር በምን ታደርጊዋለሽ? ሰው ተሳስቶ ቢጠጣውስ?» ያለኝ አንድ ሰው የለም። አንድም! ወረቀቱ ሙሉ ከሆነ በጀሪካን ብሸጠው፣ በሻይ ብርጭቆ ብሸጠው ማን ጉዳዩ ነበር?

ደግሞ ገበያ ውረድና እይ። የአይጥ መርዝ በሸራ ላይ ተዘርግቶ፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት እየተጠቀለለ በማንኪያ ይሸጣል። ከጎኑ ሽሮና በርበሬ አለ። ለእርሻ የመጣ ፀረ ተባይ «ለትኋን ነው» እየተባለ ሕፃን የሚተኛበት ፍራሽ ላይ ይረጫል። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሻጩም አያውቀውም። እዚያ ማን አሸገ? የሚያከፋፍሉት ማኪና ያላቸው ሰዎች ናቸው። እኛ ሦስት ሴቶች ነን፤ ሕጉም መንገዱ የቀናው ወደኛ በር ብቻ ነው።

አውቃለሁ፣ ነግረኸኝ ነበር። አቻምና ለፋሲካ ስትመጣ «እማዬ፣ የውኃ ጠርሙስ ይቅር። ተጭነው ካላዞሩት የማይከፈት ክዳን ያለው ዕቃ አለ። ስምሽንም ለጥፊበት» ብለኸኝ ነበር። እኔም «ዕቃው ከበረኪናው ይወደዳል፤ ሰዉ እንደሆነ በጠረኑ ያውቀዋል» ብዬ ሳቅሁብህ።

አሁን ወደ መሪጌታ ልምጣልህ። በወረቀትህ ላይ «አንድ የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት» ብለህ ጽፈሃል። አንድ አዛውንት! ቁስቋም ዳዊት ያስደገሙህን፣ አባትህን ፈትተው የቀበሩትን መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስን ነው አንድ አዛውንት ያልኸው? የመሥሪያ ቤት ቋንቋ እንዲህ ከሆነ ቋንቋችሁም ይታሸግ።

እንዴት እንደሆነ ከእኔ ስማው። ለጥምቀት የሚለብሱት ጋቢ ወይቦባቸው ነበርና በዓሉ ሳይደርስ አንድ ሃይላንድ በረኪና ወሰድሁላቸው። ለሌላ ሰው ስሸጥ ውኃ እጨምርበታለሁ። ለሳቸው ግን ከበርሜሉ እንዳለ ቀዳሁት፤ ሸጋውን መስጠቴ ነበር። ባለቤታቸው አዲ አርቃይ እኅታቸው ዘንድ ሰንብተው ስለነበር ማን እንዳመጣው አላዩም። በዓሉ አለፈ፣ ግማሹ ተርፎ መስኮቱ ላይ ቀረ። ከጎኑ ደግሞ የጠበላቸው ሃይላንድ አለ። ያው ጠርሙስ፣ ያው ሰማያዊ ክዳን። ከኮሮና ወዲህ አፍንጫቸው እንደማያሸት ታውቃለህ። ጥር 14 ቀን ጠዋት እንደ ልማዳቸው አማትበው አነሡ። ጠበል እንደ ሻይ ፉት አይባልም፤ በአንድ ትንፋሽ ነው።

ጩኸት ሰምተው ጎረቤቶች በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷቸው። ተጠርቼ ስደርስ ሐኪሙ ጠርሙሱን እያገላበጠ «ምንድን ነው የጠጡት? ምን ያህል የበረታ ነው?» እያለ ይጠይቃል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው «የተፈጥሮ ውኃ» ነው። ባለቤታቸው «እንጃ፣ ከሱቅ የተገዛ ይመስለኛል» አሉ። እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር።

ዝም አልሁ።

ሁለት ቀን ዝም አልሁ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙን በር ላይ ጠብቄ ነገርሁት። «ምነው ያን ጊዜ ነግረውኝ ቢሆን?» አለኝ፤ ሌላ ክፉ ቃል አልወጣውም። ስሜን ጠይቆ ጻፈ። ጠረጴዛህ ላይ የደረሰው ያ ስም ነው። የእናትህን ስም አይተህ ፈረምህ።

«ምነው ስልክ እንኳ ቢደውልልኝ?» እያልሁ አራት ቀን ተቃጠልሁ። አሁን ሳስበው ደውለህ ቢሆን ኖሮ እለምንህ ነበር። «ጡቴን ጠብተሃል» እልህ ነበር። አንተም እምቢ ማለት አይሆንልህም። ይህንን አውቀህ እንደሆነ ባትደውልልኝም ይሁን። ግን አሁንም ተቆጥቻለሁ።

መሪጌታ በሕይወት አሉ። የሚመገቡት በቱቦ ነው። ድምፃቸው ግን ሄዷል፤ ቁስቋም ሲቆሙ ከግቢው ውጭ የሚሰማ የነበረው ያ ድምፅ። «ይመለስላቸው ይሆን?» ብዬ ብጠይቀው ሐኪሙ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ትናንት ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ «እኔ ነኝ የቀዳሁት አባቴ» አልኋቸው። ወረቀት አምጡልኝ ብለው በእጃቸው አመለከቱና በዚያ በሚያምረው ቁም ጽሕፈታቸው «ጋቢው ግን ሸጋ አድርጎ ነጥቶልኝ ነበር» ብለው ጻፉልኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ከግርጌው ደግሞ «ህሩይ ደኅና ነው?» ብለው ጻፉ። አዎ አልኋቸው። ማን እንዳሸገን አልነገርኋቸውም፤ ግን የሚያውቁ ይመስለኛል።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመሩኝ ሸዋረጋና ኤሌኒ ናቸው፤ አንተ እንደፈረምህ ባያውቁም እዚያ እንደምትሠራ ያውቃሉና «ልጅሽን ለምኚው፣ ያስከፍትልን» ብለው። አልለምንህም። እሽጉን እንዳታነሣ። ከማክሰኞ ጀምሮ ሦስታችን በየቤቱ እየዞርን የሸጥነውን እየለቀምን ነው። አንዷ ቤት ገብተን ከወተቱ ጋር ተደርድሮ አገኘነው። ኤሌኒ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ደንቡን የያዘውን መጽሐፍ ላክልኝ፤ ዕቃውንም፣ ጽሑፉንም፣ ልኩንም እናሟላለን፤ ካልቻልንም እንተወዋለን። ማንበብ አያቅተኝም፤ ያስነበብሁህ እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን እጠይቅሃለሁ፤ ይህም ልመና አይደለም። ያ የገበያው የመርዝ ሸራ ይነሣ። ማኪና ያለው ሰው መጋዘንም ይከፈት፣ ይታይ። ሰው የሚሞተው በእናትህ በረኪና ብቻ አይደለም። እናትህ ላይ የጨከነ ልብህ እዚያ ሲደርስ ከራራ፣ ያን ጊዜ ነው የምንጣላው፤ እስከ መቃብሬ የምንጣላው።

የቁስቋሟ እመቤት ከክፉ ነገር ትሰውርህ። በምትገባበት ደጅ ሁሉ ሞገስ ትሁንህ። ለፋሲካ ናልኝ፤ መሪጌታን አብረን እንጠይቃለን። ብቻዬን ደግሜ ፊታቸው ለመቅረብ አቅም የለኝም።

እናትህ
እንኳየሁ