የልጅ ልጄ የደም ዕድሜ

ለውድ እህቴ ለትርፌ፣

የጌታ ሰላም ከነቤተሰብሽ ይብዛልሽ። እኔ ሰባ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ሦስተኛ ፎቅም ያለ ሊፍት እወጣለሁ። እጄ ጽሕፈት አልለመደምና ፊደሉን ታገሺኝ።

የምሥራች አለኝ። የልጅ ልጄ ፌበን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ውፍረት በዝቶባት፣ ሐኪሞቹ ደሟን መርምረው «ሰውነትሽ ያለ ዕድሜው አርጅቶ የሃያ ዓመት ሰው መስሏል» ቢሏት አልቅሳ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ ትታ፣ ከኔ ጋር እዚህ ሰፈራችን ዌስተን ባለው ወንዝ ዳር እየተራመደች አሥራ ሁለት ኪሎ ቀነሰች። አሁን ሲመረምሯት ደሟ ወደ ዕድሜዋ ተመልሷል!

«አባባ፣ እርስዎም ቴስት ያድርጉ» አለችኝ።

«ዕድሜዬን ለማወቅ መርፌ አያስፈልገኝም» ብላት ሳቀች።

በፊት አቀበቱ ላይ ቆሜ የምጠብቃት እኔ ነበርኩ። አሁን እሷ የጫማዋን ክር የምታስር መስላ ትጠብቀኛለች። የምበላው እንደ ድሮው ነው፤ ቀበቶዬን ግን ከፋሲካ ወዲህ ለማጥበቅ ሦስት ጊዜ በምስማር በሳሁት። ቆዳው ተለጥጦ ይሆናል።

ሰላምታዬ ለልጆችሽ በየስማቸው ይድረስ። ለፌበን ደውለሽ «ጎበዝ» በያት። የቀበቶውን ነገር ግን እንዳታነሺላት፤ ደስታዋን ትታ እኔን ሐኪም ቤት ትጎትታለች። በጸሎት አስቢኝ።

ወንድምሽ ባህሩ