ባዶ የተውኩት ሰባተኛው ጥያቄ

እናትሽ ካለፈች ወዲህ አንድዬ ለሆንሽው ልጄ፤ በሄድሽበት አገር እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ተመስገን፣ ደህና ነኝ።

ሰዎች መገለልን ፈርተው በሥራ ቦታ ስለሚደብቁት ነገር ለምታጠኚው ጥናት የላክሽውን መጠይቅ ሾፌሮቹ ሁሉ ሞልተውልሻል። ቀልደኛው ጓደኛዬ፣ «ጋሼ፣ ልጅዎ ጉዳችንን ልታወጣው ነው እኮ» ብሎ አሳቀን። እኔ ሰባተኛውን ጥያቄ፣ «ከአለቃዎ የደበቁት ሕመም አለ?» የሚለውን፣ ባዶ ተውኩት። መዋሸት ኃጢአት ነው፤ ዝምታስ ምንድነው ትያለሽ፣ አንቺ የተማርሽው?

ጠዋት አውቶቡሱን ሳላስነሳ የማደርሰው ጸሎት ረዝሟል። ትናንት መንገድ የምታቋርጠውን ሴትዮ ያየኋት ተሳፋሪዎቹ ሲጮኹ ነው። ምንም አልሆነችም።

መልስሽን በትልልቅ ፊደል ጻፊልኝ። ጎረቤታችን እንድታነብልኝ አልፈልግም፤ ባሏ የስምሪት ኃላፊያችን ነው።

እግዜር አንቺን ካለሽበት ይጠብቅሽ፤ ተሳፋሪዎቼንም ይጠብቅልኝ።

አባትሽ