መስመሩ ላይ የማይቆም ጫማ

ኖርድቪክ፣ አዮዋ
ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2019

ውድ ልጄ ሎረን፣

ኬንድራን በምርኩዜ ጠልፌ አልጣልኳትም። ከሰላምታ በፊት ይህን መጻፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ወሬው አንተ ዘንድ ሚኒያፖሊስ ድረስ መድረሱን ማርሊስ ትናንት ደውላ ስለነገረችኝ ሰላምታው ትንሽ ይታገሥ። ማርሊስ እንደምታውቀው ከሥልሳ ዓመት በፊት በትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን አብራኝ ስትጫወት አጥቂ ነበረች። አጥቂ እጁ የገባውን ኳስ ሳይወረውር አያድርም፤ ወሬም ሲገባው እንደዚያው ነው።

"አርዲስ፣ ቅናት ነው ይላሉ" አለችኝ። "አንቺ በሕይወትሽ አንድ ነጥብ ሳታስቆጥሪ ልጅሽ ሲያስቆጥር ከፋሽ!"

"ማነው እንዲህ የሚለው?"

"ሰው ነዋ።"

"ሰውየው ስም የለውም?"

"እሺ፣ እኔ ነኝ" አለችና ሳቀች።

ምርኩዜ በዚያ ሰዓት ከሜዳው ዳር ወንበር ላይ ተደግፎ ነበር። ልጅቷን የጣላት አንተ ያሠራኸው ጫማ ነው። እንዴት እንደጣላት በቅደም ተከተል እነግርሃለሁ፤ ከዚያም እስከ ሐሙስ ማታ ልታደርገው የሚገባህን አንድ ነገር እነግርሃለሁ።

አሁን ሰላምታ። እንዴት ከረምክ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ከኖቬምበሩ የምስጋና ቀን ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። የዱባ ኬኩ ሳይቀርብ ተነሥተህ ትተኸው የሄድከው ሳህን ታጥቦ ቦታው ገብቷል። ያን ቀን አድርገኸው የመጣኸውን ጫማ "ቀለም የተቀባ ድንች" ማለቴ አስቆጥቶህ ነበር። ቃሌን አንሥቻለሁ። ድንች ቢያንስ ይበላል።

ጃኑዋሪ ላይ ለትምህርት ቤታችን የሴቶች ቡድን አሥራ ሁለት ጥንድ ጫማ በነጻ ስትልክ ከተማው በሙሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እናት ሆኖ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ከሳጥኑ ጋር የመጣውን ወረቀት ግን ቤት ወስጄ በመነጽር አነበብኩት። "በሠላሳ ዶላር ብረሪ!" ይላል። ማን መብረር ፈለገ? ተከላካይ የሚያስፈልጋት መቆም ነው። ዝቅ ብሎ "በሜዳ ላይ የተፈተነ" ይላል። በየትኛው ሜዳ? ማን ፈተነው? ስንት ጊዜ? ያስተማረችኝና ያሠለጠነችኝ ሚስ ሄግ በሕይወት ብትኖር ይህን ወረቀት በቀይ እርሳስ ከላይ እስከ ታች ሰርዛ ትመልስልህ ነበር። "አንድን ነገር መጥፎ ነው ከማለትሽ በፊት አሥር ጊዜ ሞክሪው" ትለን ነበር። እኔም እንደተማርኩት አደረግሁ።

ያለፈው ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ ስፖርት አዳራሹ ሄድኩ። አሠልጣኟ ጃኔል ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ግን ጨዋ ናት።

"ምን ልታዘዝ ሚስስ ቶሌፍሰን?" አለችኝ።

"አንድ ሯጭ ስጪኝና ሃያ ደቂቃ ዝም በይ" አልኳት።

ኬንድራን ሰጠችኝ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ በአውራጃው ውስጥ እንደሷ ያለ ተከላካይ የለም። ይህን ስል እያጋነንኩ አይደለም፤ ማጋነን አልወድም።

ፈተናው ቀላል ነው። ከቅርጫቱ ሥር ተነሥታ ባላት ኃይል ወደ መሃል መስመር ትሮጣለች፤ መስመሩ ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆማለች። መስመሩን ከነካች አንድ ስሕተት እመዘግባለሁ። እኛ የተፈተንነው በዚህ ነው። በእኛ ጊዜ ሴቶች የምንጫወተው ስድስት በስድስት ሆነን ነበር፤ ሦስቱ ተከላካዮች ከመሃል መስመር አናልፍም፣ ሦስቱ አጥቂዎችም ወደ እኛ አይመጡም። ሦስት ዓመት ተጫውቼ ኳስ ወደ ቅርጫት አንድ ጊዜ እንኳ አልወረወርኩም። መስመሩ አፋፍ ላይ መቆምን ግን እንደኔ የሚያውቅ አልነበረም።

ኬንድራ በአሮጌ ጫማዋ አሥር ጊዜ ሮጠች፤ መስመሩን የነካችው አንድ ጊዜ ነው። በአንተ ጫማ አሥር ጊዜ ሮጠች፤ ሰባት ጊዜ አለፈችው። አንዴማ እጆቿን እያራገበች ሁለት ክንድ ያህል ተንሸራተተች።

"ብረሪ ተብላለች እኮ!" ብላ ከዳር ሆነው ከሚያዩት ልጆች አንዷ ጮኸች፤ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

እኔ አልሳቅኩም። ጫማውን አስወልቄ ሶሉን በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። ጣቴ ነጭ ሆነ። የእኛ አዳራሽ እሁድ ጠዋት ፓንኬክ የሚበላበት፣ ገበሬው በቦቲ የሚገባበት ነው፤ የበቆሎ ብናኝ ከወለሉ ጠፍቶ አያውቅም። አንተ ያስገባኸው ጎማ ለአስፋልት የሚሆን ደረቅ ጎማ ነው። በእርጥብ ፎጣ ጠርገን ስንሞክረው ሦስት ሩጫ ያዘ፤ በአራተኛው በረዶ ላይ እንደቆመች ላም ሆነ። ከተማ ውስጥ ገና ትናንት በተወለወለ ወለል ላይ ሞክረህ "የተፈተነ" ብለህ አሳተምክ። ያንን የእኛን ወለል ልጅ ሳለህ በየጨዋታው እረፍት በመጥረጊያ የገፋኸው አንተው ነህ! ሌላው ባያውቅ አንተ ታውቃለህ።

በዚህ ጊዜ ጃኔል ጉሮሮዋን ጠረገች። "ይቅርታ ሚስስ ቶሌፍሰን፤ ግን አሁን እኮ መስመሩ ላይ የሚቆም የለም። ሁሉም ያልፋል።"

"እኔማ ለምንድነው የምቆመው እያልኩ ላብድ ነበር" አለች ኬንድራ።

ልክ ናቸው። ያ አጨዋወት ከቀረ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጫማህን ለሞተ ጨዋታ እየፈተንኩ ነበር። ስሕተቴን እዚያው ፊታቸው አመንኩ። አምኜ ግን አላቆምኩም።

"እንግዲያው እናንተ የምትጫወቱትን እንፈትን" አልኩ። ወደ ጎን ሦስት እርምጃ መሄድ፣ በድንገት መመለስ፤ ዛሬም ተከላካይ የምትኖረው በዚህ ነው። አሥር ጊዜ። ዘጠነኛው ላይ እግሯ ከሶሉ ወደ ውጭ ሲያመልጥ በዓይኔ አየሁት። ጨርቁ ተለጠጠ፣ የሶሉ ጠርዝ ከወለሉ ተነሣ።

"ይበቃል ሚስስ ቶሌፍሰን?" አለችኝ።

"አንድ ቀርቶሻል" አልኳት።

አሥረኛው ላይ ወደቀች።

የሆነው ይኸው ነው። ምርኩዝ የለበትም። አንድ ቀርቶሻል ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ማርሊስ ይህን አውርታ ቢሆን አላስተባብልም ነበር።

አጥንቷ አልተሰበረም። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፤ ሐኪሙ ለዓርቡ ጨዋታ ልትደርስም ላትደርስም ትችላለች ብሏል። በማግስቱ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ ለእብጠቱ በረዶ የሆነ አተር ከነከረጢቱ ጭናበት ነበር።

"አሥሩ ሞላ አይደል?" አለችኝ።

"ሞልቷል" አልኳት። ጥሩ ልጅ ናት።

ከዚያ ቤት ተመለስኩና በምስጋና ቀን ወንበሩ ላይ ትተህልኝ የሄድከውን የጫማ ሳጥን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩት። ውስጡን ሳላይ መፍረድ ስላልፈለግሁ የግራውን ጫማ በአባትህ መጋዝ ለሁለት ቆረጥኩት። በትንሿ ጣት በኩል እግርን የሚያቅፍ ጠርዝ የለውም። ሶሉ ሊሰፋ በሚገባው ቦታ ጠብቧል፤ ለዓይን እንዲያምር መሆኑ ነው። ጨርቁ ከሥሩ ደጋፊ ሳይኖረው በማጣበቂያ ብቻ ተይዟል። ማሰሪያው እንደ ኢል ዓሣ ያሟልጫል፤ ሁለት ጊዜ ካልተቋጠረ ይፈታል። ከተረከዙ ሥር ያለው ስፖንጅ ግን ጥሩ ነው። ኬንድራም ዘላ ስታርፍ ጉልበቷን እንዳላመማት ነግራኛለች። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ውሸታም እሆናለሁ። ከአሥር ሦስት ነጥብ ሰጥቼሃለሁ፤ ሦስቱም የስፖንጁ ናቸው።

የውስጡን ንጣፍ ሳነሣ በእጅ የተጻፈ 14 ቁጥር አገኘሁ። መጋዙ በአንዱና በአራቱ መካከል አልፏል። በኬንድራ ጫማ ውስጥ ፈለግሁ፤ የለም። ጃኔል የአሥራ አንዱን ልጆች ጫማ እንድታይ አደረግሁ፤ በአንዱም የለም። የማልያዬን ቁጥር እንደምታውቅ አላውቅም ነበር። የእጅ ጽሕፈትህ ዛሬም አልተሻሻለም፤ አራቱ ዘጠኝ ይመስላል።

በ1956 የወንድሜን ጫማ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቄበት እጫወት እንደነበር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርኩህ፤ ኩፍኝ ይዞህ ተኝተህ ሳለ። የሰማኸኝ አልመሰለኝም ነበር። ገንዘብ የሌላት ልጅም ልኳ የሆነ ጫማ ታግኝ የሚለው ሐሳብህ ከዚያ የመጣ ከሆነ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጫማው ይህን ያህል የሚያናድደኝም ሐሳቡ ጥሩ ስለሆነ ነው። በርካሽ መሸጥ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ገዢዋ ሌላ ምርጫ የላትም ብሎ ጠርዙን ማስቀረት ነው። የወንድሜ ጫማ እንኳ ከነጋዜጣው መስመሩ ላይ ይቆም ነበር።

አሁን ወደሚፈለግብህ ነገር ልምጣ። ዓርብ ማታ ልጆቹ በሙሉ ያንተን ጫማ አድርገው እንዲጫወቱ፣ አንተም ፎቶ አንሺ ይዘህ እንድትመጣ ተስማምታችኋል። ጨዋታው እዚሁ በዚያው ወለል ላይ ነው፤ የተሸነፈ ከውድድሩ ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ነው። ጃኔልን "አሮጌ ጫማቸውን ያድርጉ" ብላት፣ "ስጦታ ተቀብለንማ እንዴት? ደስ አይልም" አለችኝ። የዚህ አገር ሰው ቁርጭምጭሚቱ ይሰበር እንጂ የሰጠውን ሰው አያስቀይምም፤ አንተም በዚሁ ነው ያደግኸው። ስለዚህ ከቃላቸው ልትፈታቸው የምትችለው አንተ ብቻ ነህ። ደብዳቤው ሐሙስ ይደርስሃል። ሐሙስ ማታ ለጃኔል ደውልና በአሮጌው ይጫወቱ በላት። ፎቶ አንሺው የትምህርት ቤቱን በር ያንሣ። ካልደወልክ ዓርብ ከነጥብ መዝጋቢዎቹ አጠገብ ምርኩዜን ይዤ ታገኘኛለህ፤ ያን ጊዜ ወሬው እውነት ሊሆን ይችላል።

ብትደውልም ባትደውልም ግን ና። አልጋህ ተነጥፏል፤ የዱባ ኬክም ይኖራል።

እግዚአብሔር በመንገድህ ላይ ያለውን በረዶ ያንሣልህ፤ ከእጅህ የሚወጣውንም ሥራ ከአፍህ በፊት ዓይንህ እንዲያየው ያድርግልህ።

እናትህ፣
አርዲስ ቶሌፍሰን

ነገ ከሁሉ አስቀድሜ ፖስታ ቤቱ ሲከፈት ይህን ደብዳቤ በእጄ እሰጣለሁ። ከዚያ ለኬንድራ እናት የድንችና የሥጋ ጥብስ ከነትሪው አደርሳለሁ። ከዚያ አዳራሹ ገብቼ ወለሉ በእርጥብ መወልወያ ከዳር እስከ ዳር ሲወለወል ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ቤት ተመልሼ የግራውን ጫማ በአባትህ የእንጨት ሙጫ አጣብቄ እስኪደርቅ በገመድ አስረዋለሁ። ዓርብ ሁለቱንም አደርጋለሁ፤ እኔ የማመሸው ወንበር ላይ ስለሆነ መንሸራተት የለም። የቀኙን ዛሬ ለክቼዋለሁ። ጋዜጣ አላስፈለገውም።