በመስታወት ሣጥን ስለ ተኛው የአያቴ ዘንግ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን

ለተከበሩ የአካባቢያችን አስተዳዳሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ ደኅና ናቸው? እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ የሚተሳሰር ልጅ ስለሆንኩ፣ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ለመለጠፍ ሦስት ቀን አመንትቻለሁ። እውነቱን ለመናገር የምጽፈው ቀንቼ ነው።

አንደኛ፣ የአካባቢው ባላባት የሆኑትን አያቴን «የባህል አማካሪ» ብለው ስለ ሾሙልን አመሰግናለሁ። ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ የሰጧቸው ወንበር ቢወላገድም ወንበር ነው። አላፊ አግዳሚው ባለጉዳይ እየመሰሉት «አባባ፣ ተራዎን ይጠብቁ» ይላቸዋል፤ እርሳቸውም ይጠብቃሉ።

ሁለተኛ፣ የዳኝነት ዘንጋቸውን «ለትውልድ እንዲቆይ» ብለው ወስደው በአዳራሽዎ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ስላስተኙት አመሰግናለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅባት እየቀባሁ የወለወልኩት እኔ ነኝ፤ ሴት ልጅ ነሽ ተብዬ ግን ከሚቆምበት የቤታችን ማዕዘን እስከ አያቴ እጅ ድረስ ብቻ ነበር የምይዘው። አዳራሹ በተመረቀ ዕለት የእርስዎ ልጅ እንደ አካፋ ትከሻዋ ላይ አጋድማው ፎቶ ተነሣች። ያምርባታል። ያን ፎቶ ያየሁ ቀን እራት አልበላሁም።

ሦስተኛ፣ ዓርብ ዕለት በእርሻ ድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ቤታችን መጡ። እንደሚያውቁት፣ ይቅርታ፣ እንደማያውቁት፣ በእኛ ዘንድ ዘንጉ መሬት ላይ ሳይጋደም ከሳሽም ተከሳሽም አይናገርም፤ ከተጋደመ ደግሞ ሳይታረቁ የሚወጣ የለም። አያቴ ግራ ቢገባቸው ጃንጥላቸውን አጋደሙ። ታናሽየው «አባባ፣ ሊዘንብ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ታላቅየው ደጅ ያስቀመጠውን ገጀራ አንሥቶ ሄደ። የእርስዎ ቢሮ ለመስከረም ቀጥሯቸዋል አሉ፤ እናመሰግናለን፣ ገጀራ ግን ቀጠሮ አያውቅም።

ከወንበርዎ ከፍታ ብዙ ዝቅ ብዬ፣ ዕድሜና ሹመት እየተመኘሁልዎ፣
የባላባቱ የልጅ ልጅ፣ የቀድሞዋ ዘንግ ወልዋይ

ማስታወሻ፦ አዳራሹ ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ለጎብኚ ክፍት ነው የሚል በርዎ ላይ ተጽፏል። ነገ ልክ በሦስት ሰዓት አያቴን ክንዳቸውን ደግፌ እመጣለሁ፤ ወንድማማቾቹን እናታቸው ይዛቸው ትመጣለች፤ ገጀራውን ለጥበቃው እናስረክባለን። ሣጥኑን አንነካም፤ ዘንጉን እርስዎ ራስዎ አጋድመውልናል። በስድስት ሰዓት ሊዘጉ ከመጡ ግን ልማዱ እርስዎንም ይይዛልና፣ ወንድማማቾቹ እስኪታረቁ ድረስ አብረውን ቁጭ ይበሉ።