ስለ ወይዘሮ ቨርና ፍሪሰን ዕረፍት እና ማኅበራችን ስድስት ዓመት ሳይናገር ስለቆየው እውነት የወጣ የሀዘን መግለጫ

የሰሜን ሜዳ የጀማሪ ኩባንያዎች ማኅበር የረጅም ጊዜ አማካሪው የነበሩት ወይዘሮ ቨርና ፍሪሰን፣ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 2025 በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው በካናዳ፣ ሳስካቱን ከተማ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለሠራተኞቹና ለከተማው ነዋሪ በጥልቅ ሀዘን ያስታውቃል። መግለጫው ስድስት ቀን ዘግይቷል። የዘገየበት ምክንያት ከዚህ በታች ተጽፏል፤ የሚያኮራ ምክንያት አይደለም።

ወይዘሮ ቨርና ከከተማችን በስተሰሜን በሮስተርን አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ከባቡር ሐዲዱ ዳር በሚገኝ የእህል መረከቢያ ጎተራ ለሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ ስምንቱን ዓመት በኃላፊነት። የጭነት መኪና ገና ከመንገድ ሲታጠፍ የያዘው ስንዴ እርጥብ መሆኑን ያውቃሉ ይባልላቸው ነበር። እርሳቸው ግን ያስተባብሉ ነበር። «ስንዴውን መች አየሁት? ሹፌሩን ነው የማየው። እርጥብ የጫነ ሰው ዓይኔን አያይም» ይሉ ነበር።

በ2008፦ ጎተራው በተዘጋ በዓመቱ ወደ ማኅበራችን መጡ። የመጡት ተጋብዘው ሳይሆን ሊከሱን ነው። ከአባሎቻችን አንዱ ለገበሬዎች የሠራው የስልክ መልእክት አገልግሎት የተዘጋውን ጎተራ «ክፍት ነው» እያለ ጭነት ይልክ ነበር፤ ባዶ ግቢ ደርሶ የተናደደ ገበሬ ሁሉ ደግሞ የሚደውለው ወይዘሮ ቨርና ቤት ነበር። በዕለቱ የእንግዳ መዝገብ ላይ «የመጡበት ጉዳይ» በሚለው ቦታ በገዛ እጃቸው «ልቆጣ» ብለው ጽፈዋል። ተቆጥተው ሲጨርሱ ከወጣቶቹ ጋር ቁጭ ብለው ስሕተቱን አብረው አረሙ። በሳምንቱ ሐሙስ ተመልሰው መጡ፤ ከዚያ በኋላ ሐሙስ ቀርተው አያውቁም። ወጣቶቹም ብዙ ሳይቆዩ «እማማ ቨርና» ይሏቸው ጀመር።

በ2009፦ ማንኛውም ጀማሪ ሐሳቡን ለቦርዱ ከማቅረቡ በፊት፣ ዕቃውን ሊሸጥላቸው ካሰባቸው ሰዎች ጋር ሦስት ቀን አብሮ እንዲሠራ የሚያዝዘው ደንብ በእርሳቸው አሳሳቢነት ጸደቀ። ደንቡ በወቅቱ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ሆኖም ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሞቅ መቀመጫ ሊሠራ አስቦ የነበረ ወጣት፣ ሦስቱን ቀን በጃንዋሪ ብርድ በተሽከርካሪ ወንበር ሲንቀሳቀስ ውሎ ሲመለስ፣ የሰዎቹ ችግር ብርዱ ሳይሆን በረዶ ውስጥ የሚሰምጡት የፊት ጎማዎች መሆናቸውን ተረድቶ መጣ። ዛሬ በብዙ ከተሞች በረዶ ላይ የሚሄዱት ሰፋፊ ጎማዎች ከዚያ ሳምንት የተገኙ ናቸው። ከምስር ገለባ የእንቁላል መያዣ የሚሠራው አባላችንም በዚሁ ደንብ ያለፈ ነው።

በ2012፦ «የመዝጊያ ምሳ» የተባለውን ልማድ መሠረቱ። ማኅበራችን እስከዚያ ድረስ የሚያከብረው የተሳካላቸውን ብቻ ነበር፤ የከሰረው ዕቃውን በካርቶን ይዞ በጓሮ በር ይወጣ ነበር። ወይዘሮ ቨርና በቤተ ክርስቲያናቸው ከቀብር በኋላ እንደሚደረገው የዘቢብ ዳቦ፣ አይብ፣ ኮምጣጤ ውስጥ የዋለ ኪያርና ቁርጥራጭ ስኳር ይዘው መጡና፣ የተዘጋው ኩባንያ ባለቤት ሐሳቡ ምን እንደነበረና ለምን እንዳልሆነ ሰው እየበላ እንዲናገር አደረጉ። በዚያ ምሳ ላይ «የሚቀጥለው ይሳካልሃል» ማለት ክልክል ነው። የመጀመሪያው ምሳ የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ከጎረቤት ለመከራየት ለሚያስችል መተግበሪያ የተደረገ ነበር። ወይዘሮ ቨርና ለባለቤቱ የሰጡት አስተያየት በቃለ ጉባኤ ተይዟል፦ «ልጄ፣ ሰዉ ማሽኑን በነፃ እየተዋሰ ነው እኮ። አንተ መጥተህ ልታስከፍለው?» ወጣቱ ከሁሉም በላይ መሳቁ ተመዝግቧል።

በ2018 የሆነውን ግን በአጭሩ ማለፍ አንችልም። ማኅበራችን ለስድስት ዓመት በአጭሩ ሲያልፈው ቆይቷል።

በዚያ ዓመት ወይዘሪት ጃኔል ኦፒኮኮው የተባሉ የሃያ አራት ዓመት የግብርና መሐንዲስ «የጎተራ ጆሮ» የተሰኘ ኩባንያ ይዘው ወደ ማኅበራችን ገቡ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር። በቆርቆሮ ጎተራ የተከማቸ እህል ከአንድ እርጥብ ቦታ ተነስቶ ከውስጥ ይግላል፤ ገበሬው የሚያውቀው ሲሸተው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል። ወይዘሪት ጃኔል በጎተራው ውስጥ የሚንጠለጠል ገመድ ሠሩ። ገመዱ ሙቀቱን ይለካል፣ ማሽኑ አደጋውን ይለያል፣ ገበሬው በስልኩ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ገመዱ በሚገባ ይሠራ ነበር፤ አደጋውን የሚለየው ማሽን ግን ገና አልደረሰም። ስለዚህ የሰባት ገበሬዎችን ቁጥር በየሁለት ሰዓቱ እያነበቡ መልእክቱን የሚልኩት ራሳቸው ወይዘሪት ጃኔል ነበሩ። በሙያችን ይህ የተለመደ ነው፤ ማሽኑ እስኪደርስ ሰው በቦታው ይሠራል። ነውር የሚሆነው ሲደበቅ ነው።

ወይዘሪት ጃኔል አልደበቁም። በማመልከቻቸው ላይ ጽፈውታል፤ ማመልከቻው በእጃችን ይገኛል። ባለሀብቶች ከሚገኙበት የማሳያ ቀን ሦስት ቀን አስቀድሞ በተደረገው ልምምድም ይህንኑ መድረክ ላይ ልናገር ወይ ብለው ጠይቀዋል። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይነበባል፦

የወቅቱ ሥራ አስኪያጅ፦ «ባለሀብት ፊት ቆመሽ ‹ማሽኑ እኔ ነኝ› ልትዪ ነው? ያለሽ ሰባት ደቂቃ ነው። ስለሚሠራው ነገር አውሪ፣ ሌላውን ተዪው።»

ወይዘሮ ቨርና፦ «ንገሪያቸው። የሚሸሽ ይሽሽ።»

ሥራ አስኪያጁ፦ «ወይዘሮ ቨርና፣ ይሄ እኮ የእህል ጎተራ አይደለም።»

ወይዘሮ ቨርና፦ «ጎተራማ ቢሆን እግርህን ከሚዛኑ ላይ አንሳ እልህ ነበር።»

ቦርዱ ሳቀ፤ ከዚያም ወይዘሪት ጃኔል ጉዳዩን እንዳያነሱ በሙሉ ድምፅ ሲቀነስ አንድ፣ ማለትም ከቦርድ አባሏ ከወይዘሮ ቨርና በቀር፣ ወሰነ።

ኦክቶበር 18፣ በማሳያው ቀን፣ ወይዘሪት ጃኔል መድረክ ላይ ቀርበው ተጨበጨበላቸው። በማለዳ፣ ከሰባቱ ገበሬዎች አንዱ የሆኑት የዋካው ነዋሪ አቶ ሜትሮ ኮስቲዩክ ጎመንዘር ያከማቹበት ጎተራ ቁጥር ወይዘሪት ጃኔልን አላማራቸውም ነበርና፣ በእኩለ ቀን ወጥተው እንዲያዩት ፈቃድ ጠየቁ። «ፎቶ እስክንነሳ ጠብቂ» ተባሉ። ስልክ በአዳራሹ ውስጥ እንዲዘጋ ያዘዝነውም እኛ ነን። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የሰባቱን ጎተራዎች ቁጥር ያነበበ ሰው አልነበረም፤ አንባቢዋ እኛ ዘንድ ሽልማት እየተቀበሉ ነበር። ወይዘሪት ጃኔል ስልካቸውን ከፍተው ሲደውሉ አቶ ሜትሮ ጢሱን ራሳቸው አይተውት ነበር። የዓመት ምርታቸው ከውስጥ አርሮ ጠቁሮ ወጣ።

ወይዘሮ ቨርና በዚያው ከሰዓት በኋላ ወይዘሪት ጃኔልን በመኪናቸው ይዘው ዋካው ሄዱ። አቶ ሜትሮ ሰሞኑን ለማኅበራችን እንደነገሩት፣ ወጣቷ ገና ከመኪና ሳይወርዱ «ማሽን የለም፣ አቶ ሜትሮ። ማሽኑ እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ አላየሁልዎትም» ብለዋቸዋል። እርሳቸውም «ማሽን ነው ያጠፋው ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ውሻውን ነበር የምፈታባችሁ። ግቡ» ብለው መልሰዋል።

እኛ ይህን ያህል አልደፈርንም። በማግስቱ ባወጣነው መግለጫ አደጋው የደረሰው «በኩባንያው ባለቤት ለማኅበሩ ባልተገለጸ የአሠራር ጉድለት» ነው አልን። ውሸት ነበር። ወይዘሮ ቨርና አልፈርምም አሉ። በዲሴምበር «ለአዲሱ ትውልድ ቦታ ለመስጠት» በሚል ከቦርድ አባልነት አሰናበትናቸው፤ የምስጋና ሰሌዳም ሰጠናቸው። ሰሌዳውን በየመዝጊያ ምሳው የሾርባ ድስት ማስቀመጫ አድርገውት ኖረዋል። እኛም አይተን እንዳላየን ሆነናል።

ወይዘሪት ጃኔል የቀሩት ስድስት ገበሬዎች እህላቸውን ሸጠው እስኪጨርሱ ድረስ ቁጥሩን በየሁለት ሰዓቱ ማንበባቸውን ቀጠሉ። በፌብሩዋሪ 2019 ኩባንያቸውን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ሦስት መሥሪያ ቤቶች ስለ እርሳቸው ጠይቀውናል፤ ለሦስቱም «አስተያየት የለንም» ብለን መልሰናል። በዚህች ከተማ እንዲህ ያለ መልስ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ስማቸው በአታላይነት ሲነሳ ኖሯል።

በዚህ ዓመት ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ወይዘሮ ቨርና ለቦርዱ ደብዳቤ ጻፉ። ወይዘሪት ጃኔል አራት ዓመት ሙሉ ገመዳቸውን ሲፈትኑ የኖሩት በራሳቸው በአቶ ሜትሮ ጎተራዎች መሆኑን፣ ማሽኑ አሁን ያለ ሰው እርዳታ አደጋን እንደሚለይ፣ በሌላ ክፍለ ሀገር የሚገኝ ተቋም ሊቀበላቸው ፈቃደኛ ሆኖ ከቀድሞ ማኅበራቸው የምስክርነት ደብዳቤ እስከ ማርች 31 እንደሚጠብቅ ገለጹ። ደብዳቤያቸው እንዲህ ሲል ያበቃል፦ «ለራሴ የምፈልገው የለም። እኔም በዚያን ቀን አጨብጭቤያለሁ፤ ተነስቼ መናገር ስችል ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። እናውቅ ነበር ብላችሁ ጻፉ። ልጅቷ ስሟን ይዛ ትሂድ።»

ቦርዱ ፌብሩዋሪ 11 ቀን ተሰበሰበ። ወይዘሮ ቨርና ኦክስጅን ተሰክቶላቸው በኮሪደሩ ወንበር ላይ ይጠብቁ ነበር። ለሁለት ሰዓት ከተወያየን በኋላ ጉዳዩ የቃላት ጥንቃቄ ስለሚያሻው ለሚቀጥለው ስብሰባ፣ ማለትም ለማርች 11፣ እንዲተላለፍ ወሰንን። ውሳኔው ሲነገራቸው «ማርች? እናንተ ደግሞ ጊዜ ተርፏችኋል» ብለው ካፖርታቸውን ለበሱ። መታመማቸውን እያንዳንዳችን እናውቅ ነበር። ከስብሰባው አምስት ቀን ቀድመው አረፉ።

ማርች 11 ቀን ቦርዱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚከተለውን በሙሉ ድምፅ ወስኗል። የማኅበራችን የኦክቶበር 19 ቀን 2018 መግለጫ ሐሰት ነበር። ወይዘሪት ጃኔል ኦፒኮኮው ሥራውን በእጃቸው እንደሚሠሩ አስቀድመው በጽሑፍ ነግረውናል፤ እናውቅ ነበር፤ ዝም እንዲሉ ያዘዝናቸው እኛ ነን፤ በዕለቱ ከሥራቸው ያስቀረናቸውም እኛ ነን። አቶ ሜትሮ ኮስቲዩክን ይቅርታ እንጠይቃለን። ይህ መግለጫ ለሚመለከተው ሁሉ በምስክርነት ደብዳቤነት እንዲያገለግል በማኅተማችን ተረጋግጧል። ያንን መግለጫ ያረቀቀው ጸሐፊ ይህንንም ራሱ እንዲጽፍ ቦርዱ አዝዟል፤ ጸሐፊውም አልተቃወመም።

ለባለቤታቸው ለአቶ ሄንሪ ፍሪሰን፣ ለልጃቸው ለወይዘሮ ሎይስ፣ ለሐሙስ ወጣቶቻቸውና ለአሮጌው ጎተራ የሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። አዝነናል፤ ከሀዘናችን ውስጥ ምን ያህሉ ሀፍረት እንደሆነ ለይተን መናገር አንችልም።

የቦርዱ ሰብሳቢና ጸሐፊው ውሳኔውን በማግስቱ ወደ አቶ ሄንሪ ቤት ይዘው ሄደው ነበር። አቶ ሄንሪ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው መለሱላቸው። «ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ለልጅቷ ስጧት፤ ወጥ ቤት ናት» አሉ። ወይዘሪት ጃኔል ለለቀስተኛው ዳቦ እየቆረጡ ነበር። እጃቸውን ጠርገው ተቀበሉ፤ ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ ከዚያም ጣታቸውን የውሳኔው ቀን ላይ አሳረፉ።

«አምስት ቀን» አሉ።

ወረቀቱን አጥፈው በኪሳቸው ከተቱና ወደ ዳቦው ተመለሱ።

ኮሊን ዛካሪያስ
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ቦርዱ
ሳስካቱን፣ ማርች 12 ቀን 2025