ሰዓት የተጻፈባት ወረቀት

ለእህቴ ለአሲያ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም እታለም። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ሥራውስ ቀለለልሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን ተሽሏት ገበያ መውጣት ጀምራለች።

ለውሃ ሞተሩ የላክሽው ብር መሰረቁን ሰምተሽ ማልቀስሽን አውቃለሁ። አሁን ግን ሞተሩ ተገዝቶ ሽንኩርቱን እያጠጣ ነው። በስልክ ሰው እየሰማኝ ማውራት ስለማልችል እንዴት እንደሆነ ልጻፍልሽ።

ጎረቤታችን ራቢዓ፣ እማዬ የባንክ ካርዷን የሚስጥር ቁጥር እንዳትረሳው በሻሿ ጫፍ በቀይ ክር ጠልፋላት ነበር። በገበያ ቀን እማዬ የባንኩ ገንዘብ ማውጫ ማሽን ጋ ሻሿን ዘርግታ አንዱን ሰው፣ ልጄ ይህን አይተህ አውጣልኝ አለችው። እሱም ማሽኑ እምቢ አለ ብሎ ሌላ ካርድ መለሰላት። ቤት ስትመጣ ሳየው የተጻፈበት ስም የሷ አይደለም።

ወደ ባንኩ ሮጥን። ሰልፉ ላይ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አፌን መክፈት አቃተኝ። ስለዚህ ከደብተሬ ሁለት ቅጠል ቀድጄ፣ ካርዳችን ተሰርቋልና ይዘጋልን፣ የተቀበሉበትንም ሰዓት ይጻፉልኝ ብዬ በሁለቱም ጻፍኩ። ሠራተኛው፣ እዚህ ሰው ሁሉ በአፉ ነው የሚያመለክተው ብሎ ሳቀብኝ። ቢሆንም ስምንት ሰዓት ብሎ ፈረመና አንዱን ሰጠኝ።

ካርዱን ግን ሳይዘጋው ቀረ። ከስምንት ሰዓት በፊት ሦስት ሺህ፣ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ሃያ ሺህ ብር ወጣ። ይህን ሰምተን ተመልሰን ስንሄድ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ፣ ቁጥሩን በሻሽ ጠልፈው እየዞሩ ባንክ ምን ያድርግዎት ሲላት እማዬ አፍራ ልትወጣ ተነሣች። እኔ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና፣ ሳንነግራችሁ የወጣው በእኛ፣ ከነገርናችሁ በኋላ የወጣው በእናንተ ነው አልኩት። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ሦስት ሳምንት ቢያመላልሱንም ሃያ ሺሁን መለሱ። ለጎደለው አባዬ አንድ ፍየል ሸጠ።

አሁን አባዬ፣ ጉዳይ ያለው ሁሉ ራዊያን ይዞ ይሂድ እያለ ያሳፍረኛል።

እማዬ በዱዓ፣ አባዬ በብዙ ሰላምታ፣ ወንድማችን ሙሀመድሰይድም ከሞተሩ ሥር ሳይነሣ ሰላም ብለውሻል። ራቢዓም ክሩን በእጇ ፈትታ ሰላም በይልኝ ብላለች። አዲሱን ቁጥር እማዬ በቃሏ ይዛዋለች። አንቺ ግን እንዳትጠይቂኝ፣ አልነግርሽም።

እህትሽ ራዊያ መንሱር
ቆቦ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.